ወርቅአፈራሁ የማን ልጅ ናት

ደብዳቤው የደረሳት ረቡዕ ከምሳ ሰዓት በፊት ነው። ተላላኪው ጠረጴዛዋ ላይ ጥሎላት ሲያልፍ ወርቅአፈራሁ ግማሽ የደረሰውን ሰርኩላር ታይፕ መኪናው ላይ እንዳለ ተወችና ፖስታውን አንስታ ወደ መስኮቱ ዞረች። የዳናን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ ትለየዋለች። ከእሑድ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር፤ ከእሑድ ጀምሮም በደስታ የምትሆነውን አጥታለች።

እሑድ ዕለት የዳና አባት ጋሽ ዳልጮ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከጨንቻ ወርደው፣ አርባ ምንጭ ሼቻ ካለው የነወርቅአፈራሁ ቤት ገብተው፣ አባቷን አቶ ሸዋንዳኝን ልጅዎን ለልጃችን ብለዋል። እሷ ጓዳ ሆና ልቧ እየደለቀ ጠበቀች። ሽማግሌዎቹ ብዙም አልቆዩም። ሲወጡ ጋሽ ዳልጮ በረንዳው ላይ አግኝተዋት ግንባሯን ስመው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ልጄ» አሏት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዚህ የበለጠ እሺታ ምን አለ? ያን ሌሊት ተኛች ማለት አይቻልም።

ፖስታውን ቀደደችው።

«ውድ እህቴ ወርቅአፈራሁ» ይላል።

ሳቀች። ዳና ቀልድ አያልቅበትም፤ ዛሬ ደግሞ ምን አመጣ ብላ ቀጠለች።

«ውድ እህቴ ወርቅአፈራሁ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ለመጻፍ እጄ እሺ ስላላለኝ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ካሁን በኋላ ግን በሌላ ስም ልጠራሽ አልችልም። ያለፈው ሁሉ ባለማወቅ ያደረግነው ነውና እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ወደ ማኅበሩ አትምጪ። ብትመጪም ቀና ብዬ አላይሽም። ወንድምሽ ዳና ዳልጮ።»

ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛውን ለማንበብ ስትሞክር ፊደሎቹ እየተቀላቀሉ አስቸገሯት። ከጎኗ ያለችው ታይፒስት «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ስትላት ወርቅአፈራሁ ወረቀቱን ይዛ ተነሣች።

*

ወርቅአፈራሁ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አቶ ሸዋንዳኝ መንዜ ናቸው። ጨንቻ ገና የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሳለች ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተልከው መጥተው፣ ከተማው ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር አብረው ወርደው፣ በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ አልወለዱም። ይህችን ልጅ ጨንቻ ሳሉ፣ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ሆና አገኟት። አቶ ሸዋንዳኝ በአገራቸው ወግ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቧት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸው ናት፣ አለቀ። ስሙን ያወጡት እናቷ ናቸው፤ ወርቅ አፈራሁ ብለው።

የማደጎ ልጅ መሆኗን አልደበቋትም። «ከማን ወሰዳችሁኝ?» ስትል ግን አቶ ሸዋንዳኝ «ከእግዚአብሔር» ይሉና ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ። «አታውቅም ማለት ነው?» ብላ ስትጎተጉታቸው «ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም» ይላሉ። በዚህ ይዘጋል።

ችግሩ ሰው ሁሉ እንደ አቶ ሸዋንዳኝ አይዘጋውም። ሲቀላ ገበያ ስትወርድ ሙዝ ሻጮቹ መልኳን አይተው በጋምኛ ያናግሯታል። እሷ በመንዝ አማርኛ ስትመልስላቸው ይተያዩና ይሳሳቃሉ። ከመንዝ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ዓይኑ ከሷ ፊት ወደ እናቷ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስና «ጎሽ ዓለሚቱ፣ ጽድቅ ነው» ይላል። ሰው ሆና ሳለ የሰው ጽድቅ መሆን ሰልችቷት ነበር።

ያልሳቀባት፣ ጽድቅ ነውም ብሎ የማያውቅ ዳና ብቻ ነው። የሲቀላ ሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊ ይባል እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ሸማ ሲሠራ ነው። በወር አንዴ የማኅበሩን ሪፖርት ሊያስተይብ እሷ ወደምትሠራበት መሥሪያ ቤት ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ስሟን ሲሰማ «ረጅም ነው፤ እኛ ቅጽ ላይ አይበቃም» አላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ገጽ ለመተየብ ግማሽ ቀን የምትፈጅ ታይፒስት አርባ ምንጭ ውስጥ ከሷ ሌላ አልነበረችም። እሱም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ አይቸኩልም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

አቶ ሸዋንዳኝ የሰሙ ዕለት «ልጄን ለሸማኔ?» ብለው ራታቸውን ትተው ተነሡ። ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገሩበትም። በኋላ ልጅቷ ከማዕድ እየቀረች ከሲታ ስትሆን፣ አንድ ቀን ጫማቸውን እያሰሩ፣ ቀና ሳይሉ «በሉ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አሉ። ያን ዕለት ጫማቸውን ልትስም ምንም አልቀራት።

እንግዲህ ያ ሁሉ ታልፎ ነው «ውድ እህቴ» የመጣው።

*

ከሼቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁለት ነው። ሳታስፈቅድ ከመሥሪያ ቤቷ ወጥታ፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ በእግሯ ወረደች። የማኅበሩ አዳራሽ ከመናኸሪያው ኋላ ነው። አሥራ ሁለት ሸማኔ በሁለት ረድፍ ተቀምጦ ይሠራል። ስትገባ የመጀመሪያው አያት፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ እንዲህ እየተባለ የመወርወሪያው ድምፅ ባንድ ባንድ ሞተና ቤቱ ዝም አለ። ዳና ብቻ መሥራቱን አላቆመም።

«ዳና።»

«ቤት ደህና ናቸው?» አለ ድሩን እያየ።

«ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?» ወረቀቱን ድሩ ላይ ዘረጋችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን እህቴ ብለኸኝ ታውቃለህ? ካልፈለግከኝ አልፈለግኩሽም በለኝ። ይቺን እችላታለሁ።»

የዳና እጅ ቆመ። ማጉ ተበጥሶ ነበር፤ ሁለቱን ጫፍ ይዞ ሊቋጥር ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«እኔ ጋውማላ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺም ጋውማላ ነሽ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ጎሳ ነው። በኛ አገር የአንድ ጎሳ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው። ሺህም ቢሆኑ፣ ተያይተው ባያውቁም፣ እህቱ ናት። ቢጋቡ ጎሜ ነው። ነውር ብቻ አይደለም፤ መዓት ነው። ዝናብ ይቀራል፣ የሚወለደውም አያድግም።»

«አንተ ይሄን ታምናለህ? የፖለቲካ ትምህርት ላይ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ስትናገር ሰምቼህ የለም?»

«እኔ ባላምን አባቴ ያምናል። ከእሑድ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ዝናቡ አንድ ቀን ቢዘገይ ጨንቻ ያለ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደሱ ቤት ነው የሚቀስረው። አባቴን በቁሙ ገድዬ ላግባሽ? እንዲህ ብታገቢኝ አንቺስ ትወጂኛለሽ?»

ዳልጮ በረንዳው ላይ ለምን እንዳለቀሱ አሁን ገባት። ምራታቸውን ሳይሆን፣ ልጃቸው ሊያገባት የማይችላትን ልጅ ነው የሳሙት። እንዲያም ሆኖ ነገሩ አልጣማትም፤ አንድ ነገር ጎድሏል።

«ጋውማላ ናት ያለው ማነው?» አለች።

«አባትሽ። በገዛ አፋቸው። አባቴ "ልጁ ጎሳው ምንድነው?" ብሎ፣ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፣ ስላንቺ ሲጠይቃቸው ሳያመነቱ ነው የመለሱለት።»

አባዬ እኮ አያውቅም ልትል አፏን ከፈተች። ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም፤ ይህን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ግን አሥራ ሁለት ሸማኔ ጆሮውን ቀስሮ ተቀምጧል። አሁን ይህን ብትናገር አቶ ሸዋንዳኝ በሽማግሌ ፊት የዋሹ ሰው ይሆናሉ፤ ወሬውም ከሷ ቀድሞ ሼቻ ይገባል። ዝም ብትል ደግሞ የዳና እህት ሆና ትቀራለች። ከንፈሯን ነከሰች።

ፊቷን አዙራ ስትወጣ ከኋላዋ «ወር…» ሲል ሰማችው። ሳይጨርሰው ዋጠው። ስሟን መጥራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ፤ ከደብዳቤው ይልቅ አንጀቷን የበላት ይሄ ነው።

*

አቶ ሸዋንዳኝ ከሥራ ገብተው በረንዳው ላይ ሸሚዛቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ከእሑድ ወዲህ ውለታ የዋለ ሰው ፊት ነው ያላቸው፤ ምስጋናው ግን እስካሁን አልመጣላቸውም።

«አባዬ፣ ለሽማግሌዎቹ ጋውማላ ናት ብለሃቸዋል?»

ፈገግ አሉ። «አንቺ ደግሞ፣ ነግረውሽ ነው? አዎ። ዝም ብዬ መሰለሽ? አስጠንቼ ነው።»

«ምን አስጠናህ?»

«ጎሳ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ፍርድ ቤታቸው ተቀምጫለሁ። አናውቅም ብል ሊሉ የሚችሉትን ገመትኩ፤ ዘር የለሽ፣ የወደቀች፣ ምናምን። እና ቅዳሜ የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛ ጠራሁና የዳልጮ ጎሳ ምንድነው አልኩት። ጋውማላ አለኝ። በቃ፣ ሲጠይቁኝ ጋውማላ አልኳቸው። እስቲ አንቺ አስቢው፤ እኔ መንዝ ሽምግልና ሄጄ ልጅቷ የኛው አገር ልጅ ናት ቢሉኝ ደስ አይለኝም? ወገናቸው ናት፣ ባዳ አይደለችም እንዲሉሽ ብዬ ነው።»

ወርቅአፈራሁ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው ስንት ዓመት ከሕዝቡ ጋር ኖረው፣ ስንት የጎሳ ክርክር በእጃቸው ጽፈው፣ ይቺን አንዷን ነገር ለልጃቸው በሚጨነቁበት ሰዓት በመንዝ ልብ አሰቧት። ልትጮህባቸው ፈልጋ ነበር። አልጮኸችም፤ ዳና ያላትን ቃል በቃል ነገረቻቸው።

አቶ ሸዋንዳኝ መጀመሪያ ተቆጡ። «በአብዮት ዘመን? እከሳቸዋለሁ!» አሉ። ቀጥለው ሸሚዛቸውን አነሡና መልበስ ጀመሩ፤ ቁልፉ አልገጥም አላቸው።

«እህቱ አደረግኩሽ» አሉ። «በገዛ አፌ።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «እንግዲህ ትወቀው» አሉ ለባለቤታቸው፣ እየተቀመጡ። «እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ።

«ጨንቻ ገበያ ነው ልጄ። አንዲት ሴት አንቺን አዝላ አጠገቤ ቆመች። ደከም ያለች፣ ዓይኗ ግን ደህና ሴት። አውርዳ ሰጠችኝና በእጇ ምልክት አሳየችኝ፤ እስክመለስ ያዢልኝ ማለቷ ነው። ያዝኩላት። ገበያው ተፈታ። ጭጋጉ መጣ። አልተመለሰችም። በሚቀጥለው ገበያ ይዤሽ ሄጄ እዚያው ቦታ ቆምኩ። በሚቀጥለውም። ስድስት ገበያ ቆሜያለሁ፤ እግዜር ያውቃል። ግን ከሦስተኛው ወዲህ አትምጣ፣ አትምጣ እያልኩ ነበር የምቆመው። ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደሆነች አናውቅም። ሰጠችኝ ወይስ ሰረቅኳት፣ እሱንም እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ወርቅአፈራሁ እናቷን ልትወቅሳቸው ፈለገች፤ ልታቅፋቸውም ፈለገች። ያቺ ዓይኗ ደህና የሆነች ሴት ጋውማላ ትሁን አትሁን ማንም አይነግራትም። ለሙዝ ሻጮቹ ጋሞ ሳትሆን፣ ለመንዝ ዘመዶች መንዜ ሳትሆን የኖረችው ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ ለዳና እህት ወይም ማንም ልትሆን ነው።

«እሄዳለሁ» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ። «ጨንቻ ወጥቼ ዋሽቻችኋለሁ እላቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?» አሉ ዓለሚቱ። «እንግዲያስ የማን ናት ሲሉዎትስ?»

*

አቶ ሸዋንዳኝ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው አርብ ሄዱ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ውሃ ጠጡና ወርቅአፈራሁን አስጠሯት።

«ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ ርጥብ ሣር ይዘው ተቀመጡ፤ እኔም ከመሬት ተቀመጥኩ» አሉ። «ዋሸሁ አልኳቸው። ዳልጮ ምን አለኝ መሰለሽ? "አቶ ሸዋንዳኝ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ትልቅ ሰው ለምን ይዋሻል? ልጁ ጥፋት የለውም፣ ልጁ መልካም ነው። አንተ ግን እኛን አስለቀሰ" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ይቅር አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተነጋገሩ። ያልታወቀ ጎሳ ፈርተዋል፤ እውነትም ጋውማላ ብትሆንስ፣ ሌላ ጎሳ እስክታገኝ እህቱ ናት አሉ። በመጨረሻ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። ማካ የሚባል የሌላ ጎሳ ሰው ናቸው። ልጃቸው በሕፃንነቷ ሞታባቸዋለች። "እኔ ልጅ አደርገዋለሁ" አሉ። በስብሰባው ሜዳ፣ በሣሩ ላይ ልጃቸው ካደረጉሽ ከዚያ ቀን በፊት ያለው ሁሉ ታጥቧል። ማካ ትሆኛለሽ። ዳና ያገባሻል።»

ወርቅአፈራሁ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አባቷ ግን እጃቸውን አነሡ፤ አልጨረሱም።

«ሰው ሁለት አባት የለውም አሉ። በመጀመሪያ እኔ በሁሉ ፊት ልጄ አይደለችም ማለት አለብኝ። ማለት ብቻም አይደለም። ከዚያ በኋላ አባት ብለሽ ከጠራሽኝና እኔ ከመለስኩልሽ፣ የተሰጠው ተመለሰ ማለት ነው፤ ሁሉም ይፈርሳል።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«አባዬ፣ አይሆንም አልኩ። ባል አግኝቼ አንተን ላጣ?»

«አልሞትኩ» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ። «እዚሁ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ሁለት ቃል ብናገር ምን እሆናለሁ? ቃል ነው እኮ።»

ቃል ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከማር በቀር እሷን ከእሳቸው ጋር ያገናኘ ሌላ ነገር ኖሮ አያውቅም፤ አባትና ልጅ ያደረጋቸው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መጥራትና መመለሱ ብቻ ነው። የሥጋ አባት ቢሆኑ ኖሮ ቢክዷትም ደሙ ይመሰክርላት ነበር። አሁን እሺ ብትል የሚመሰክርላት ነገር የለም። እምቢ ብትል አባቷ በከንቱ መሬት ተቀምጠው ተዋረዱ፤ ዳናም ወንድሟ ሆኖ፣ አንድ ቀን ሌላ አግብቶ፣ ለሠርጉ እህቴ ነሽ ብሎ ይጠራታል።

ያን ማታ እናቷ አጠገብ ሄዳ ተኛች። «ምን ላድርግ?» ስትላቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ «ሂጂ» አሏት። «አንዷ እናት ስትሰጥ አይቻለሁ። እኔ ግን እዚያ ሜዳ አልቆምም።»

*

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስብሰባውን ስለ ምርት ማሳደግ ነው ብሎ መዝግቦት፣ ራሱ ከጎን ቁጭ ብሏል። ጨንቻ ብርድ ነው። ሜዳው ዙሪያውን እንሰትና ቀርከሃ ነው፤ ጭጋጉ አልተነሣም። ሰዎቹ በክብ ተቀምጠዋል። ከወዲያ ማዶ ዳና ነጭ ለብሶ ቆሟል፤ አሁንም አያያትም፤ እስካሁን እህቱ ናት።

ጋሽ ዳልጮ ርጥብ ሣር ይዘው ተነሡ። በጋምኛ ብዙ ተናገሩ። ወርቅአፈራሁ ከንግግሩ የራሷን ስም ብቻ ለየች፤ ስለ እሷ በሚነገርበት ቦታ እሷ ብቻ የማትሰማ ነበረች። ከዚያ ሽማግሌው ወደ አቶ ሸዋንዳኝ ዞረው በአማርኛ ጠየቁ።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

አቶ ሸዋንዳኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ይሻላት ነበር። ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲያነቡ በነበረው ድምፃቸው፣ ጥርት አድርገው፣ ከኋላ ያለ እንዲሰማ ተናገሩ።

«አላውቅም። ልጄ አይደለችም። ካሳ ይውሰዷት።»

ወርቅአፈራሁ እንደምትሰማው አንድ ሳምንት ሙሉ ታውቅ ነበር። ለእሷ ሲሉ እንደሚሉትም ታውቅ ነበር። ማወቋ ምንም አልረዳትም፤ ከሃያ ሦስት ዓመቷ ሁሉ ውስጥ የምትይዘው አጣች።

ካሳ ቀረቡ። አጭር፣ እጃቸው ሸካራ፣ ዓይነ ትሑት ሽማግሌ ናቸው። ቅቤ አናቷ ላይ አደረጉላትና ሣሩን ትከሻዋ ላይ አኖሩ። በጋምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰዉ ሁሉ መለሰ። አለቀ። ማካ ሆነች። ከሜዳው ማዶ ዳና ቀና አለ። ሁለት ዓመት የምታውቀው ያ ዓይን፣ ሳያፍር፣ ሳይፈራ፣ እንባና ሳቅ ሞልቶት አያት። በዓለም ላይ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነበር፤ አሁን የሷ ነው። እሷ ግን እሱን አላየችም።

አቶ ሸዋንዳኝ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ መንገዱ እየሄዱ ነበር። ማንንም አልተሰናበቱም። ኮታቸው ከኋላ ተጨማድዷል፤ ማለዳ ስትተኩሰው እዚያች ጋ ስትደርስ ካውያውን አስቀምጣ ነበር። ጀርባቸው እንዲህ ጠባብ መሆኑን ከዚህ በፊት አላስተዋለችም ነበር።

«አባዬ» አለች።

ሳታስበው ነው ያመለጣት። ጋሽ ዳልጮ ሣር የያዘ እጃቸው እንደተነሣ ቀረ፤ የዳና ፊት ደም የሌለው ሆነ። ሁሉም የሚያየው ወደ መንገዱ ነው። እዚያ ላይ ያለው ሰው ከመለሰ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ።

አቶ ሸዋንዳኝ ቆመው ነበር። አንድ እግራቸው ቀድሞ፣ አንዱ ቀርቶ፣ ትከሻቸው ወደ ላይ እንደተሰበሰበ ቆሙ። ሃያ ሦስት ዓመት ይህን ጥሪ ሰምተው ሳይመልሱ ቀርተው አያውቁም።

«ወዬ ልጄ» አለ አንድ ድምፅ።

ካሳ ናቸው። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና «እዚህ ነኝ፣ ወዬ» ብለው ደገሙላት። ሽማግሌዎቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ አንዱ ሳቀ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው እግሩን አነሣና ሄደ፤ አልዞረም። ዳና ሮጦ መጥቶ አጠገቧ ቆመና «ወርቄ» አላት፣ ዛሬ ሳይውጠው። ወርቅአፈራሁ እጇን ሰጠችው። ትወደዋለች፤ አንድ ቀን በዚህ ሁሉ እንደምትደሰትም ታውቃለች። አሁን ግን ሰዉ ሁሉ ያንቺ ነን እያለ በሚስማት ሜዳ መካከል፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ገበያ ላይ እንደተተወች ሕፃን የማንም እንዳልሆነች ተሰማት።